ገመናዬን በስልክ ለማላውቀው ሰው?

«ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ፤ ባለቤቴ ኡበር ይነዳል። ከአራት ወር በፊት ከሥራ ስመለስ ሀይዌይ ላይ ልቤ ድንገት መደለቅ ጀመረ። ጣቶቼ ደነዘዙ፣ ትንፋሽ አጠረኝ፣ የምሞት መሰለኝ። ዳር ይዤ 911 ደወልኩ። ሆስፒታል ወስደው ልቤንም ደሜንም መርምረው ‹ልብሽ ደህና ነው፣ ጭንቀት ነው› ብለው ሸኙኝ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ተመልሶብኛል። አሁን ሀይዌይ አልነዳም። 20 ደቂቃ የነበረው መንገድ 50 ደቂቃ ይፈጅብኛል።

ከባለቤቴ ጋር የምንጣላው በገንዘብ ነው። እኔ ለእናቴ እልካለሁ፣ እሱ ለወንድሞቹ ይልካል፤ አንዳችን ለሌላው አንናገርም። ስንጣላ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ይዘጋኛል። አንዳንዴ ሁለት ሳምንት። ልጆቹ ‹ለአባባ ንገረው›፣ ‹ለእማማ ንገራት› እየተባሉ መልእክተኛ ሆነዋል።

የሥራ ጓደኛዬ ኦንላይን ቴራፒ ጀምራ ተሽሏታል፤ አንቺም ሞክሪ አለችኝ። ለባለቤቴ ሳነሳለት ‹ገመናችንን በስልክ ለማታውቂው ሰው ልታወሪ ነው? አብደሻል እንዴ?› አለኝ። እናቴ ጠበል ግቢ ይሉኛል። አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት ባገኝ የኛው ሰው ስለሆነ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ይደርሳል ብዬ እፈራለሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃል፣ ለዚህ ግን አይበቃም። ቤታችን ባለ ሁለት መኝታ ነው፤ አማቴም ከኛ ጋር ነው የሚኖሩት። የት ሆኜ ላውራ? ከፈረቃ በፊት መኪናዬ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። ሰው የማያየኝ እዚያ ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል?

እንቅልፍ ያጣሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ»

እህቴ፣ አላበድሽም። ይህን የማስቀድመው ባለቤትሽ ቃሉን ስለጣለው ብቻ አይደለም። አንቺ ላይ የደረሰው የደረሰበት ሰው ሁሉ በልቡ የሚጠይቀው ይህንኑ ስለሆነ ነው።

ሀይዌይ ላይ የያዘሽ ነገር ስም አለው፤ ፓኒክ አታክ ይባላል። ሰውነታችን አደጋ ሲመጣ የሚጮህ ደወል አለው። ጅብ ከፊትሽ ቢቆም ልብሽ የሚደልቀውና ትንፋሽሽ የሚፈጥነው እንድትሮጪ ነው። ፓኒክ አታክ ጅቡ ሳይኖር ደወሉ ሲጮህ ማለት ነው። ቶሎ ቶሎ ስትተነፍሺ ደምሽ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል። ጣትሽ የሚደነዝዘውና ራስሽን የሚያዞርሽ በዚህ ምክንያት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ይነካና መውረድ ይጀምራል። የምትሞቺ ይመስልሻል እንጂ ፓኒክ አታክ አይገድልም።

መጀመሪያ ሆስፒታል መሄድሽ ልክ ነበር። አሁን ደግሞ የቤተሰብ ሐኪምሽ ጋ ሄደሽ የታይሮይድና የደም ማነስ ምርመራ ተደርጎልሽ እንደሆነ ጠይቂ። ሁለቱም ልብ ያስደልቃሉ። ከፈረቃ በፊት ስንት ስኒ ቡና እንደምትጠጪም ቁጠሪ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶ፣ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ ቀን ሦስት ሰዓት ብቻ የተኛ ሰው ልቡ ቢደልቅ አይገርምም። ቡናውን ተይ አልልሽም፤ ቀንሺውና ለውጡን እዪ።

ከልብ ምቱ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ሀይዌይ መተውሽ ነው። ፍርሃት እንዲህ ነው የሚያድገው። ዛሬ ሀይዌዩን ትተይለታለሽ፣ ነገ ድልድዩን፣ ከነገ ወዲያ ሰው የበዛበትን ሱቅ። በሸሸሽው ቁጥር ውስጥሽ «አየሽ፣ ባልሸሽ ኖሮ እሞት ነበር» ብሎ ይመዘግባል። ቴራፒ በደንብ ከሚያክማቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ ይህ ነው። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1960ዎቹ የጀመረው፣ ዛሬ በምሕጻሩ ሲ.ቢ.ቲ. የሚባል የቴራፒ ዓይነት አለ። ሶፋ ላይ ተጋድሞ ስለ ልጅነት ማውራት አይደለም። ሥራ አለው፣ የቤት ሥራም አለው። የፍርሃቱን ሐሳብ ወረቀት ላይ ታወጪዋለሽ፣ ከዚያ ደረጃ በደረጃ ትጠጊዋለሽ። አንቺን ለምሳሌ፣ ቴራፒስቷ እሑድ ጠዋት መንገዱ ጭር ሲል 395 ሀይዌይ ላይ ገብተሽ በሚቀጥለው ኤግዚት ውጪ ልትልሽ ትችላለች። አንድ ኤግዚት ብቻ። በሳምንቱ ሁለት። ልብሽ ይደልቃል፣ አንቺም ትነጂያለሽ፣ ደወሉም ጮሆ ጮሆ ይደክመዋል። ለፓኒክ አታክ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን፣ ከ45 እስከ 50 ደቂቃ፣ ለሦስት ወር ገደማ ይፈጃል።

በስልክ ወይም በቪዲዮ ሲሆን ይሠራል ወይ? ይሠራል። ለጭንቀት የሚሰጥ ሲ.ቢ.ቲ. በአካልና በቪዲዮ ተነጻጽሮ ብዙ ጊዜ ተጠንቷል፤ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው። የሌሊት ፈረቃ ለምትሠራና ሀይዌይ መንዳት ለማትችል ሴት ደግሞ «ቢሮዬ ነይ» ማለት ራሱ በር መዝጋት ነው።

ባለቤትሽ ያነሳው ነገር ግን የሚናቅ አይደለም። እኛ ገመና ሸፍነን ነው ያደግነው። የሰው ፊት ከምናይ ተርበን እናድራለን። አገር ቤት «አማኑኤል ግባ» ማለት ስድብ ነበር። አማኑኤል ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ነበርና፣ ስሙ የሚነሳው ሰው መንገድ ላይ ልብሱን ጥሎ ሲሄድ ብቻ ነበር። ተጨንቄያለሁ፣ አልተኛም፣ ከባሌ ጋር አልተግባባሁም ለሚል ሰው ቦታ አልነበረም። ያ ሰው ሽማግሌ ይጠራ ነበር፣ ወይም ዝም ይል ነበር።

እስቲ ገመናን ቀረብ ብለን እንየው። ገመና ወሬ የሚሆነው የሚያውቅሽ ሰው ጆሮ ሲደርስ ነው። ሽማግሌው አባትሽን ያውቃሉ፣ የባልሽን ወንድም ያውቃሉ። ጓደኛሽ አማትሽን ታውቃለች። ቴራፒስቷ ግን ማንንም አታውቅም። የምትነግረው ሰው የላትም፤ ብትናገርም ሕግ አለ። የታካሚን ምስጢር ማውጣት ፈቃዷን ያስነጥቃታል፣ ያስከስሳታልም። አሜሪካ ውስጥ የ1996ቱ የጤና መረጃ ሕግ ሒፓ ይባላል፤ ያለ ፈቃድሽ ለአሠሪሽም ሆነ ለባልሽ ማውራት አትችልም። ለማናውቀው ሰው ማውራትም ለኛ አዲስ አይደለም። ንስሐ አባት ጋ ስንሄድ የሰማ ጆሮ የተዘጋ አፍ እንዲሆን አምነን ነው።

ምስጢሩ ገደብ የሚኖረው የታወቁ ነገሮች ላይ ነው። ራስሽን ወይም ሌላ ሰው ልትጎጂ ከሆነ፣ ወይም ልጅ ወይም ረዳት የሌለው አረጋዊ እየተጎዳ ከሆነ የማሳወቅ ግዴታ አለባት። ይህን በመጀመሪያው ቀን ራሷ ትነግርሻለች። ባል ማኩረፉ፣ ገንዘብ መደበቁ፣ መጮህሽ፣ ማልቀስሽ እዚያ ውስጥ አይገቡም።

አሁን ወደ ቋንቋው ልምጣ። ይህ ነገር ለኔ ቅርብ ነው። ለዓመታት የስልክ አስተርጓሚ ሆኜ ሠርቻለሁ። አንዱ ጫፍ ላይ ሐኪም ወይም ቴራፒስት፣ ሌላው ጫፍ ላይ የኛ ሰው፣ መሃል ላይ እኔ። ሰውን የሚያሳውቅ ነገር ያኔም አላወራሁም፣ አሁንም አላወራም። ስለ ቋንቋው ግን መናገር እችላለሁ። እኛ ጭንቀትን የምናወራው በሆድ፣ በልብና በአንጀት ነው። ሆዴ ባባ እንላለን። ልቤ ተሰቀለ፣ አንጀቴ አረረ፣ ውስጤ ነደደ፣ ደረቴን አፈነኝ እንላለን። አንድ ጊዜ አንዲት እናት ረጅም ነገር ጀመሩና መሃል ላይ «ተይው ልጄ፣ ሆድ ይፍጀው» አሉ። ቃል በቃል ብተረጉመው ቴራፒስቷ ስለ ጨጓራ ልትጠይቃቸው ነው። ስለዚህ «ብዙ ነገር አለ፣ ግን አልናገረውም ማለታቸው ነው» ብዬ አስረዳኋት። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ «እስኪናገሩት እጠብቃለሁ፣ ጊዜ አለኝ በይልኝ» አለች። ነገርኳቸው። ስልኩ ውስጥ የሰማሁት ለቅሶ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ስለዚህ «እንግሊዝኛዬ ለዚህ አይበቃም» ስትይ በደንብ ይገባኛል። በሁለተኛ ቋንቋ ሥራ ይሠራል፣ ሂሳብ ይከፈላል። አንጀት ግን በአማርኛ ነው የሚያርረው። ያለሽ መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው አማርኛ የሚናገር ቴራፒስት መፈለግ ነው። ሁለተኛው አስተርጓሚ መጠየቅ ነው። ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ) ወይም ሌላ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ክሊኒክ ያለ ምንም ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ መነሻው የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። «አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ» ሊሉሽ አይችሉም። ልጅሽን አስተርጓሚ እንዳታደርጊው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ሕጉም አይፈቅድም። በቤት ውስጥ የምታስተላልፉበት መልእክት ይበቃዋል።

እንደኔ ከሆነ ግን መጀመሪያ አማርኛ ተናጋሪውን ሞክሪ። ወሬውን ፈርተሻል፤ ኦንላይን ለኛ የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። በአካል ቢሆን ኖሮ አማርኛ ተናጋሪዋ ምናልባት የምታስቀድሺበት ቤተ ክርስቲያን ትመጣ ነበር። በቪዲዮ ግን ሲያትል ወይም ዳላስ ተቀምጣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ያላትን መምረጥ ትችያለሽ። አንድ ቴራፒስት በብዙ ስቴቶች ፈቃድ ሊኖረው ይችላል። ዋናው ነገር ፈቃዱ አንቺ ባለሽበት ስቴት መሆኑ ነው። ደግሞ ያለሽበት ሲባል ቤትሽ ያለበት ማለት አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የተቀመጥሽበት ማለት ነው። ድልድዩን ተሻግረሽ ሜሪላንድ መኪና አቁመሽ ብትደውዪ፣ የቨርጂኒያ ፈቃድ ብቻ ያላት ሴት «ዛሬ ማውራት አንችልም» ልትልሽ ትችላለች። አትቀየሚያት፤ ሕጉ ነው።

ብዙ ቴራፒስቶች ከመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ በፊት 15 ደቂቃ በነጻ ያወራሉ። በዚያ ሰዓት ሳታፍሪ ጠይቂ። «የኛ ሰው ብዙ ያለበት ቦታ ነሽ? ሠርግ ወይም ለቅሶ ላይ ብንገናኝ ምን ታደርጊያለሽ?» በያት። ሥራዋን የምታውቅ ከሆነች «አንቺ ካልቀደምሽ ሰላም አልልሽም» ትልሻለች። ለኛ ሰው ያውቁትን ሰው ሰላም ሳይሉ ማለፍ ንቀት ነው። እዚህ ላይ ግን ትልቁ ክብር እሱ ነው። ቀድመሽ ተነጋገሩበት።

አንድ ነገር ግን አደራ። በቲክቶክና በቴሌግራም ላይ «የትዳር አማካሪ»፣ «ላይፍ ኮች» ነኝ የሚል ሞልቷል። አንደበተ ርቱዕ ናቸው፤ ከነሱም ቅን ልብ ያላቸው አሉ። ፈቃድ ግን የላቸውም። ምስጢርሽን የሚያስጠብቅ ሕግም ሆነ በደል ቢደርስብሽ የምትከሺበት ቦርድ የለም። የሰው ታሪክ «ስሙን ቀይሬ» እያሉ በላይቭ የሚያወሩ አሉ፤ እኛ ደግሞ ስሙ ቢቀየርም ሰውዬውን እናውቀዋለን። የቨርጂኒያ የጤና ባለሙያዎች መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የሰውዬውን ስም አስገብተሽ ፈቃዱ በሥራ ላይ መሆኑንና ተቀጥቶ የሚያውቅ መሆኑን በነጻ ማየት ይቻላል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። አዲስ አበባ ያለ ባለሙያ በርካሽ ላግኝ የሚሉ ወገኖችም አሉ። አገር ቤት ጎበዝ ባለሙያዎች አሉን። አንቺ ግን ያለሽው ቨርጂኒያ ነው፤ እዚህ ፈቃድ ከሌላቸው ኢንሹራንስሽ አይከፍልም፣ ሌሊት አንድ ነገር ብትሆኚ የትኛውን ሆስፒታል እንደሚጠሩም አያውቁም።

ትልልቆቹን አፖችም በጭፍን አትመኚ። ቤተርሄልፕ የተባለውን ኩባንያ በ2023 የፌዴራሉ የንግድ ኮሚሽን 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። ክሱ የደንበኞቹን ኢሜይልና የሞሉትን የጤና መጠይቅ መረጃ ለፌስቡክና ለስናፕቻት፣ ለማስታወቂያ ሲል አሳልፎ ሰጥቷል የሚል ነበር። ስለዚህ «ምስጢር ነው» የሚል ቃል አይተሽ ብቻ ስምሽን አታስገቢ። እኔ የምመርጠው በኢንሹራንስሽ በኩል መሄድ ነው።

ስለ ክፍያው። ኢንሹራንስ ካርድሽ ጀርባ ስልክ አለ። ደውይና «አማርኛ አስተርጓሚ» በዪ፤ ከዚያ በቪዲዮ የሚሠሩ ቴራፒስቶችን ዝርዝር ጠይቂ። ከ2008 ጀምሮ ያለው ሕግ የአእምሮ ሕክምና ሽፋን ካለ ከሌላው ሕክምና እንዳያንስ ያዛል። መሥሪያ ቤትሽንም የሠራተኛ ድጋፍ ፕሮግራም እንዳለው ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ጥቂት ክፍለ ጊዜዎችን በነጻ ይሰጣሉ፣ ማን እንደተጠቀመም ለአለቃሽ አይነገርም። ኢንሹራንስ ከሌለሽ አንዱ ክፍለ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ዶላር ሊደርስ ይችላል። በገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች ስላሉ መጀመሪያ እነሱን ጠይቂ።

የት ሆኜ ላውራ ላልሽው፣ መልሱን አንቺው ጽፈሽዋል። መኪናዋ።

በመኪና ውስጥ ቴራፒ የሚያደርገው ሰው ብዛት ብታውቂ ብቻሽን እንዳልሆንሽ ይሰማሽ ነበር። ባለ ሁለት መኝታ ቤት፣ አማት፣ ልጆች፣ እንደ ወረቀት የሳሳ ግድግዳ። ለኛ ሰው ብቸኛዋ የሚዘጋ በር የመኪና በር ናት። ስለዚህ እንደ ሕክምና ክፍል አዘጋጂያት። እየነዳሽ አይደለም፤ ሞተሩ ጠፍቶ፣ ወይም ብርድ ከሆነ ደጅ ቆሞ በርቶ፤ ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም እንዳይበራ። ስልክሽን ቻርጅ አድርጊው። መሪው ላይ ወይም ዳሽቦርዱ ላይ አስደግፈሽ አቁሚው፤ ይዘሽው ከሆነ ፊትሽ ሳይሆን ጣሪያው ነው የሚታያት። የመኪናውን ብሉቱዝ አጥፊው፤ አለበለዚያ ድምጿ በስፒከር ወጥቶ አላፊ አግዳሚው ይሰማዋል። ኢርፎን አድርጊ። ሶፍት አስቀምጪ። ፈረቃሽ ከመግባቱ ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድመሽ ጨርሺ፤ የተከፈተ ሆድ ይዘሽ ሥራ አትግቢ።

ስትጀምሩ መጀመሪያ «አሁን በትክክል የት ነሽ? አድራሻውን ንገሪኝ» ትልሻለች። አትደንግጪ። ብዙ ሰው ኢሚግሬሽን የጠየቀው ያህል ይደነግጣል፤ በአስተርጓሚነቴ እዚህ ላይ ስልኩን የዘጉ ሰዎች ሰምቻለሁ። የምትጠይቅሽ በመሃል ራስሽን ብትስቺ አምቡላንስ የምትልክበትን ለማወቅ ነው። ከዚያ ሰባት ጥያቄ ትጠይቅሻለች። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ስንት ቀን ተጨነቅሽ፣ ጭንቀቱን ማቆም አቃተሽ፣ ተናደድሽ፣ አንድ መጥፎ ነገር ሊመጣ ነው ብለሽ ፈራሽ፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መልሱ ከ0 እስከ 21 ይደመራል፤ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በደንብ መታየት አለበት ማለት ነው። «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዳትያት። ለጎረቤት የምንሰጠው መልስ ነው። እግዚአብሔርን አመስግኚ፣ ቁጥሩን ግን እውነቱን ንገሪያት።

የመጀመሪያዋ ካልተስማማችሽ ቀይሪ። እኔ ራሴ እናቴን ከቀበርኩ በኋላ ቴራፒ ስጀምር የገጠመችኝ ሴት ሰዓቷን እያየች ነበር የምትሰማኝ። ሁለት ጊዜ ሄጄ «ይኸው ነው ማለት ነው» ብዬ ለሰባት ወር ተውኩት። ሰባት ወር በከንቱ። ሁለተኛዋ ግን ለቀስተኛ ሲበተን ያለውን ዝምታ እንድነግራት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት፣ ተኛሁ። ሰው ከሰው ይለያል። ሦስት ጊዜ ካወራሽ በኋላ ካልተመቸሽ «ሌላ ሰው ልሞክር» በያት፤ አትቀየምም።

አሁን ወደ ቤትሽ እንግባ። ከሁሉም በፊት አንድ ነገር በሐቅ ራስሽን ጠይቂ። ባለቤትሽን ትፈሪዋለሽ? ይመታሻል? ስልክሽን ይበረብራል? ደሞዝሽን ይቀማሻል? ከነዚህ አንዱ እንኳን «አዎ» ከሆነ፣ አብራችሁ ቴራፒ መግባት ለጊዜው ይቅር። እዚያ የተናገርሽውን ቤት ሊያስከፍልሽ ይችላል። 1-800-799-7233 የቤት ውስጥ ጥቃት መስመር ነው፤ ሌት ተቀን ይሠራል፣ አስተርጓሚም አለው። እሱ በማያየው ስልክ ደውዪ።

ደብዳቤሽን ሳነብ ግን የሚታየኝ ሌላ ነገር ነው። አንቺ ትጮሂያለሽ፣ እሱ ይዘጋሻል። ሲያትል በሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ጆን ጎትማን የተባሉ ተመራማሪ ባልና ሚስት ሲጣሉ የልብ ምታቸውን እየለኩ ለዓመታት አጥንተዋል። ያገኙት ነገር እኔን በጣም ነው ያስገረመኝ። ዝም ያለው፣ ፊቱን ያዞረው፣ ግድግዳ የመሰለው ሰው ልቡ ጸጥ ያለ አይደለም። ብዙ ጊዜ በደቂቃ ከ100 በላይ እየመታ ነው። አንቺ ሀይዌይ ላይ የሆንሽውን እሱ ሳሎን ውስጥ እየሆነ ሊሆን ይችላል። አንቺ የምታዪው ኩርፊያውን ነው፣ እሱ የሚሰማው ደወሉን ነው።

ይህ ኩርፊያውን ልክ አያደርገውም። ሁለት ሳምንት መዝጋት ሰውን ይጎዳል፤ አንቺ መኪና ውስጥ የምታለቅሺው በከፊል በእሱ ነው። ግን መፍትሔው ይለያል። ጎትማን የሚመክሩት ልብ ሲደልቅ ቢያንስ 20 ደቂቃ ማረፍ ነው፤ ሰውነት ለመብረድ ያን ያህል ይፈልጋል። የኛ ኩርፊያ ችግሩ ዕረፍት መሆኑ አይደለም፤ የመመለሻ ሰዓት የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ በሰላም ቀን፣ ቡና ላይ፣ እንዲህ በዪው። «ስንጣላ ብትወጣ አልቀየምም። ግን መቼ እንደምትመለስ ንገረኝ። ‹ከራት በኋላ እናወራለን› በለኝና ሂድ።» አንቺም ጩኸቱን ትቀንሺያለሽ። «አንተ ሁሌም እንዲህ ነህ» የሚለውን ጣይው፤ «ብሩ ሳልሰማ ሲሄድ ብቻዬን የቀረሁ ይመስለኛል» በዪው።

ብሩን በተመለከተ፣ ሁለታችሁም የምትሠሩት ጥፋት አንድ ዓይነት ነው፤ ፍቅርም ነው። አንቺ ለእናትሽ፣ እሱ ለወንድሞቹ። መደበቁ ነው የመረረው። አንድ ወረቀት ላይ በወር ከሁለታችሁም አገር ቤት የሚሄደውን ጻፉ። ማን አበዛ ለማለት ሳይሆን ድምሩን አብራችሁ ለማየት። ያን ወረቀት ብቻችሁን መጻፍ ካልቻላችሁ፣ ለጥንዶች ቴራፒስት መጀመሪያ የምታቀርቡት እሱን ነው።

ልጆቹን መልእክተኛ ማድረግ ግን ቴራፒ እስኪጀመር አይጠብቅ። ዛሬ ማታ አቁሙት። «ለአባባ ንገረው» የሚባል ልጅ የሁለት ሰው ኩርፊያ ተሸክሞ ነው ትምህርት ቤት የሚሄደው።

አሁን አብሮሽ ካልገባ ብቻሽን ጀምሪ። አስገድደሽ አታምጪው። «ስለ አንተ ላወራ አይደለም፤ ሀይዌይ መንዳት እንድችል ነው» በዪው። እውነትም ነው። አንዱ ሲበርድ የሁለቱ ጠብ መልኩን የሚቀይርባቸው ቤቶች አሉ። ከሁለት ወር በኋላ «እኔም ልስማ» ሊልሽ ይችላል፤ ባይልም አንቺ መተኛት ትጀምሪያለሽ።

እናትሽን ደግሞ አትከራከሪያቸው። ጠበል ግቢ ያሉሽ ስለሚወዱሽ ነው። በኛ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒታቸውን ትተው ጠበል ብቻ የያዙ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ መድኃኒትና ጠበል እንደማይጣሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ ለምእመናኑ ተናግረዋል። ለሰውነት የሠራ ለጭንቀትም ይሠራል። ቅዳሜ ጠበል፣ ማክሰኞ ቴራፒ። ለእናትሽ «ሁለቱንም ይዣለሁ» በያቸው። ሐኪም የጭንቀት መድኃኒት ቢያዝልሽም እንዲሁ ነው፤ ኃጢአት የለበትም፣ የእብደት ማስረጃም አይደለም።

ኦንላይን የማይበቃበት ጊዜም አለ። መሞትን ማሰብ ከጀመርሽ፣ ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማሽ፣ ወይም ከአልጋ መነሳት ካቃተሽ ቀጠሮ አትጠብቂ። 988 ደውዪ። ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላው አሜሪካ የሚሠራ ነጻ መስመር ነው፤ «አማርኛ» ብትዪ አስተርጓሚ ይጠራልሻል።

በመጨረሻ፣ ብዙ ሰው የመጀመሪያው ቀን «ምን ብዬ ልጀምር?» እያለ ይሸሻል። አንቺ ይህ ችግር የለብሽም። ለኔ የጻፍሽው ደብዳቤ ስልክሽ ላይ አለ። በቀጠሮሽ ቀን መኪናሽን አቁሚ፣ ኢርፎንሽን አድርጊ፣ አድራሻሽን ንገሪያት፣ ከዚያ እሱን አንብቢላት። ለኔ ብለሽ ያሳጠርሽው ቦታ ስትደርሺ እዚያ ጋ ቁሚና ያልጻፍሽውን ንገሪያት።